ስሙ የማይጠራ ማኅበር

አማርኛችን ለመጠጣት ሀብታም ነው። ሰው ይቀምሳል፣ ይጎነጫል፣ ይጠጣል፣ ይጨልጣል፣ ይለጋል፤ ሞቅ ይለዋል፣ ይሰክራል፣ ይናውዛል። ዕቃውም እንደ መጠጡ ነው፦ ለጠጁ ብርሌ፣ ለጠላው ዋንጫና ጣሳ፣ ለአረቄው መለኪያ፣ ለድራፍቱ ጃምቦ፣ ለማኅበሩ ጽዋ። ወደ ማቆሙ ስንመጣ ግን ቋንቋችን በድንገት ይደኸያል። «ተወ» እንላለን፤ «አቆመ» እንላለን፤ ካህን መሐል ከገባበት «ተገዘተ» እንላለን። ሦስቱም ያለቀለትን ነገር የሚናገሩ ቃላት ናቸው። ትናንት ያልጠጣ፣ ዛሬም ላለመጠጣት ጥርሱን ነክሶ የዋለ፣ ስለ ነገ ግን ምንም እርግጠኛ ያልሆነ ሰው አለ። ለእርሱ ስም የለንም። ሰካራም እንዳንለው አልጠጣም፤ ዳነ እንዳንል ገና ነው።

ስለዚህ ሰው ልጽፍ ነው የተነሣሁት። ሰፈሩንም የካ አድርጌዋለሁ። የካን የመረጥሁት ከሌላው ክፍለ ከተማ ይልቅ ሰካራም የበዛበት ሆኖ አይደለም። አቀማመጡ ነገሩን ስለሚያሳይልኝ ነው እንጂ። ከታች መገናኛ፣ ሾላ፣ ላምበረት፣ ኮተቤ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አሉ፤ ከላይ ደግሞ የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ከነባሕር ዛፉ፣ ከነአድባራቱ፣ ከነጠበሉ ተጋድሟል። ከታች ግሮሰሪው፣ ከላይ ጠበሉ ማለት ነው። መጠጥ የያዘው የሰፈራችን ሰው ዕድሜውን የሚጨርሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲወጣና ሲወርድ ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በእግሩ የሄደ ሰው መጠጥ ለማግኘት አድራሻ መጠየቅ አያስፈልገውም። ግሮሰሪው በመብራት ይጣራል፤ ድራፍት ቤቱ ወንበሩን እስከ አስፋልቱ ጠርዝ አውጥቷል። ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ዘወር ያለ እንደሆነም ጠላ ቤቷ ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍታ ሰቅላለች፤ አገሩን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ አይቶ ይገባል። ያቺ የተደፋች ጣሳ ሁልጊዜ ታስገርመኛለች። ፊደል ያልቆጠረም የሚያነባት ምልክት ናትና። ለመተው የሚፈልገው ሰውስ? ለእርሱ በየትኛው እንጨት ላይ ምን ተሰቅሎለታል?

ፍለጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቤት ነው፤ የሚጀምረውም እርሱ ራሱ አይደለም። ሚስት ወይም እናት ናት። ሽማግሌ ይላካል፤ የንስሐ አባት ይጠራሉ። እርሳቸውም ይመክራሉ፣ ይቆጣሉ፣ በመጨረሻም ይገዝቱታል፦ ከዛሬ ጀምሮ መጠጥ የሚባል እንዳትቀምስ። ግዝት ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚያምን ሰው ይፈራዋል። በግዝት ብቻ ጨርሶ የተወ ሰው መኖሩንም አልክድም። ነገር ግን ግዝት ለዘላለም የሚገባ ቃል ነው። ለዘላለም የተገባ ቃል አንድ ማክሰኞ ማታ፣ አንድ የሠርግ ድግስ፣ አንድ የድሮ ጓደኛ ካፈረሰው ሁሉም ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሰውየው በጠጣ ቁጥር ሁለት ኃጢአት ይሸከማል፤ አንዱ መጠጡ፣ ሁለተኛው ያፈረሰው ግዝት። ታዲያ ወደ ንስሐ አባቱ እንዴት ይመለስ? ይሸሻቸዋል እንጂ። ቤተ ክርስቲያን ሊስመው ይገባው የነበረውን ደጅ በሩቁ ተሳልሞ ያልፋል። ለማዳን የታሰበው ቃል መደበቂያ ሆነው ማለት ነው።

ግዝቱ ሲፈርስ የሚቀጥለው መንገድ ወደ ላይ ነው፤ ወደ እንጦጦ። ጠበል ለመጠመቅ የሚመጣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ቤት ተከራይቶ ለሳምንት፣ ለሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱም ለወራት ይቀመጣል። በማለዳ ይነሣል፤ ይጠመቃል፤ ጠበሉን ይጠጣል፤ ይጾማል። ይህን ልማድ በሩቁ የሚያዩ የተማሩ ሰዎች ሲያፌዙበት እሰማለሁ። እኔ አላፌዝበትም። እስቲ በሌላ ዓይን እንየው። ሰውየው ከግሮሰሪው፣ ከጓደኞቹ፣ ከደመወዝ ቀን ርቋል። የሚያድርበትን ክፍል የሚጋሩት የታመሙ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሕመም ያውቃል፤ «ስንት ቀንህ ነው?» ብለው ይጠያየቃሉ። ጎረቤቱ «እኔም እንዲሁ ነበርሁ» ሲለው ይሰማል። የሱስ ሐኪሞች በብዙ ገንዘብ ሊያዘጋጁት የሚደክሙለት ነገር ከግማሽ በላይ እዚያ ዳገት ላይ በነጻ አለ።

ሁለት ነገር ግን ይጎድላል።

አንደኛው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ስለሆነ በቀጥታ ልናገረው። ለዓመታት በየዕለቱ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ዝም አይልም። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ሰዓታት ሳይቆጠሩ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ልብ ትጣደፋለች፤ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ጥሎ ሊያንፈራግጠው ይችላል። በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ሐኪሞች ይህን የመጨረሻውን ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል፤ ካልታከመ ይገድላል። ይህ ሰው በእነዚያ ቀናት ያለው ጠበል ቦታ ከሆነ ጩኸቱንና መውደቁን የከበቡት ሰዎች በምን እንደሚተረጉሙት መገመት አያዳግትም፦ መንፈሱ ጮኸ፣ ሊለቅ ነው ይላሉ። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው፤ እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማረጋጊያዎች፣ ቫይታሚን ቢ1፣ ፈሳሽና የሚከታተል ዓይን። ተራራው ከመውጣቱ በፊት ሐኪም ዘንድ ቢደርስ ጠበሉ አይቀርበትም።

ይህን ስል እምነትን ከሕክምና ላጣላ የተነሣሁ የሚመስለው ካለ፣ እንጦጦ ራሱ ይመልስልኛል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይጎርፉ ነበር። ነጻው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀምርም ብዙዎች «ጠበል ላይ ሆኜ ክኒን ብውጥ እምነት ማጉደል ነው» ብለው ተዉት፤ በዚህም የሞተ ሞተ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በግልጽ ተናገሩ። ያ ቃል የብዙ ሰው እጅ ወደ ክኒኑ እንዲዘረጋ አደረገ። ለመጠጥ ሕመምተኛ ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ቃል በዐደባባይ ሲነገርለት አልሰማሁም።

ሁለተኛው ጉድለት የሚታየው ሰውየው ከተራራው ሲወርድ ነው። ሱባኤው አልቋል፤ ፊቱ ጠርቷል፤ ቤተሰቡ በደስታ ተቀብሎታል። ሰኞ ሥራ ይገባል። ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ከታክሲ ይወርዳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ስንት ቀንህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም። ጠበል ቦታ ላይ የነበሩት ወንድሞቹ ወደየአገራቸው ተበትነዋል። ቤተሰቡ ድሏል ብሎ አምኗልና መናገሩ ማስደንገጥ ይሆንበታል። ሐኪም ቤቱም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ በኮተቤ ለአእምሮ ሕክምና ታስቦ የተሠራው፣ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ግን መጀመሪያ ለወረርሽኙ የተሰለፈው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ፤ መርካቶ አጠገብም የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ነገር ግን ሐኪም ቢበዛ በወር አንድ ቀን ያገኝሃል። መጠጥ በየማታው ነው የሚያገኝህ።

ለዚህ ለየማታው ነገር ነው ዓለም ሌላ ዘዴ የፈለገለት። ታሪኩን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል፤ አንዲት ነገር ግን ሁልጊዜ ስለምትታለፍ እደግመዋለሁ። ቢል ዊልሰን የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ነበረ። ከመጠጥ ከታቀበ አምስት ወር ገደማ ሆኖታል። በግንቦት 1935 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው አክረን ለንግድ ሄዶ ንግዱ ከሸፈበት። በሆቴሉ መግቢያ አዳራሽ ብቻውን ቆሟል፤ በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ፣ በሌላ ወገን የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝርና ስልክ አለ። ስልኩን አነሣ። ታዲያ ምን ብሎ ጠየቀ? «ምከሩኝ፣ አድኑኝ» አላለም። የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም እንዲያገናኙት ጠየቀ። ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሮበርት ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት። ሐኪሙ ከ15 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ለሰዓታት ሲያወጉ አመሹ። ስሚዝ ሰኔ 10 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዋን ጠጣ፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ በእኛ አነጋገር «ስማቸው የማይጠራ ጠጪዎች» ልንለው የምንችለው ኅብረት ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው። ዛሬ በ180 ያህል አገሮች ይሰበሰባል፤ አዲስ አበባም ከእነዚህ ክበቦች ባዶ አይደለችም። ጣሳ ስለማይሰቅሉ ግን የሚገኙት ከአፍ ወደ ጆሮ ነው።

የሚታለፈው ያ ነው፦ መስጠም የቀረበው ሰው የሚያወጣውን ሳይሆን የሚያወጣውን ሰው ፈለገ። ምክር አልፈለገም። ምክር እንደሆነ ሞልቶታል። የፈለገው እንደ እርሱ ያለ ሰው ፊት ሳይዋሽ መቀመጥን ነበር።

አንድ የማውቀው የኮተቤ ሰው እንዲህ ካለው ክበብ መሄድ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። የሚሄደው ሌላ ክፍለ ከተማ ነው፤ ሁለት ታክሲ ይዞ። ከቤቱ አጠገብ ቢኖርም አልሄድም ነበር ይለኛል፤ በሩ ላይ ከዕድራቸው ዳኛ ጋር ቢገጣጠምስ? ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደ ዕለት ሁለት ጊዜ ከደጃፉ ተመልሶ፣ ሱቅ ገብቶ ማስቲካ ገዝቶ፣ በሦስተኛው ገባ። ያገኘው ነገር ከጠበቀው ያነሰ ነበር፦ ዘጠኝ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ ከእርሱ የተሻለ ልብስ የለበሰ አንድ ጎልማሳ፣ ከልጁ የማይበልጥ አንድ ወጣት። ተራ በተራ ይናገራሉ። አንዱ ሲጨርስ ማንም አይመልስለትም፤ «አመሰግናለሁ» ብቻ ይባላል፤ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። «እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» የሚል የለም። «በእናትህ ሞት ተው» የሚል የለም። «ምክር ያልሰማሁበት የመጀመሪያው የአበሻ ስብሰባ» ነው የሚለው። በዚያ ዕለት እርሱ ምንም አልተናገረም፤ ማንም ተናገር አላለውም። በአራተኛው ሳምንት ነው አፉን የከፈተው፤ የተናገረውም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ምን እንደሆነ አልነገረኝም። ልክ ነው፤ እዚያ የተባለ እዚያ ይቀራል።

ሦስት ጊዜ ተገዝቶ ሦስት ጊዜ ያፈረሰ ሰው ነው። ልዩነቱን ስጠይቀው «እዚያ ለዘላለም ማልልኝ የሚለኝ የለም፤ ለዛሬ ብቻ ነው የምንነጋገረው» አለኝ። ባለፈው ዓመት መሐል አንድ ቅዳሜ ጠጥቷል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሄዶ ተናገረና እንደገና ከአንድ መቁጠር ጀመረ። የግዝቱ ሰው ቢሆን ኖሮ ያችን ቅዳሜ ለመደበቅ ሌላ ስድስት ወር ይጠጣ ነበር።

የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም፤ ልክ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች መመርመሪያ ተቋም 27 ጥናቶችን፣ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ከመጠጥ ጨርሶ ታቅቦ በመቆየት በኩል እንዲህ ባሉ ክበቦች ላይ የተመሠረተው መንገድ፣ በሥርዓቱ ከተሰጠ፣ ሠለጠኑ ከሚባሉት የሥነ ልቦና ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጥ ነው ያገኘው። ለሁሉ አይሆንም፤ ሄደው የማይመለሱም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ዋጋው የሻይና የወንበር ዋጋ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ ሰው ገመናውን ለባዕድ አያወራም» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። እሰማዋለሁ፤ ከባድ ተቃውሞም ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለው በሶዶ ወረዳ ተደርጎ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ መጠጥ ክፉኛ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጡት ምንም ዓይነት እርዳታ ፈልገው እንደማያውቁ አሳይቷል፤ ውርደቱን ወደ ውስጥ ያስገቡትም ብዙ ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለን የተረትነው እኛ፣ ይህን በሽታ እንዲደበቅ ያደረግነውም እኛ ነን። ነገር ግን ገመናውን የማያወራው ሕዝብ ከዚህ የከፋ ገመና አውርቶ ያውቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤች አይ ቪ በደሜ አለ ማለት ከሥራ፣ ከቤት ኪራይ፣ ከዘመድ መለየት ነበር። በዚያ ሰዓት ነው በ1997 እ.ኤ.አ. መቅድም፣ በተከታዩ ዓመት ተስፋ ጎህ የተባሉት የሕመምተኞች ማኅበራት የተቋቋሙት። አባሎቻቸው መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተናገሩ፤ በኋላ አገር ሁሉ እየሰማ ተናገሩ። ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ያገኘውን ድፍረት ጠጪው ሊያገኝ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። የጠጪው እንዲያውም ይቀላል፤ የአገር መስማት አይፈለግበትምና።

መሰብሰብን እንደሆነ ማን ሊያስተምረን! ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን፣ ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን። ጽዋ ማኅበራችን ከዚያ ከአክረኑ ኅብረት ጋር እስኪያስገርም ድረስ ይመሳሰላል፦ በተወሰነ ቀን ይሰበሰባል፣ አስተናጋጁ በየተራ ነው፣ ሹመኛ የለውም ቢባል ይቀላል፤ ሙሴው እንኳ የሚታዘዘው ስለሚከበር እንጂ ስለሚፈራ አይደለም። አንድ ሳንካ ብቻ አለ። ጽዋው ውስጥ ያለው ጠላ ነው። ለመተው የሚታገለው ሰው ከጽዋው ቢሸሽ ከወንድሞቹ ይለያል፤ ወንድሞቹን ቢመርጥ ጽዋው ይጠብቀዋል። ይህን ደግሞ የማይለወጥ የአገር ሥርዓት አድርገን እናየዋለን። የወሎ ሙስሊም ቤት ድግስ በብርዝና በቀሪቦ ሞቆ ሲያድር ያየ ሰው ግን ጨዋታ ያለ አልኮል እንደማይደምቅ አድርጎ አያወራም።

ስለ ዕድር አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ዕድር አባሉን ያውቃል። ማን እንደሚጠጣ፣ ማን ሚስቱን እንደሚደበድብ፣ ማን መዋጮውን በመጠጥ እንዳጠፋ ያውቃል። ለዘገየ መቀጮ አለው፤ ለቀብር ላልመጣ መቀጮ አለው። በጉበት በሽታ የሞተውን አባሉን በክብር ይቀብራል፤ ድንኳኑን ይጥላል፣ ወንበሩን ይደረድራል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። ያ ወንበር ሰውየው በሕይወት ሳለ ለአንድ ምሽት እንኳ አልተዘረጋለትም። የየካ ዕድሮች አዳራሽ አላቸው፤ መጋዘን አላቸው፤ ወንበሩ ተቆልሎ አቧራ ይጠጣል።

የስሙን ነገር ላንሣ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ እርሱ ነው። የእነዚህ ክበቦች ዋናው ሕግ የአባል ሙሉ ስም አለመጠራቱ ነው። ቢል ዊልሰን ራሱ ሕዝብ ፊት «ቢል ደብሊው» ብቻ ሆኖ ኖሮ ሙሉ ስሙ በሰፊው የተጻፈው በ1971 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ነው። «በአዲስ አበባ ይህ እንዴት ይሆናል? ስምህን ስትናገር የአባትህን ስም፣ የአባትህን ስም ስትናገር አገርህን ይጠይቁሃል» ይባላል። እውነት ነው። ግን ለዚህም ያዘጋጀነው ነገር አለን። የክርስትና ስም አለን! ገብረ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ። ጎረቤት አያውቀውም፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ አያውቀውም፤ ጸሎት ሲደረግልን፣ ስንቆርብ፣ ስንሞት ብቻ የምንጠራበት ስም ነው። ጠበል ቦታም የሚጠራው እርሱ ነው። ለዘመናት በስም ላይ ስም ደርበን የኖርነው እንዲህ ላለው ምሽት ይመስላል። ክርስቲያን ያልሆነውም የቤት ስም፣ የቁልምጫ ስም አያጣም።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ወደ ጽሑፍ ወዳጆች ልመለስ፤ ጥፋቱን ሁሉ በዕድርና በማኅበር ላይ መከመር አይገባኝምና። የሰካራሙን ምሽት በማስዋብ ሥነ ጽሑፋችንን የሚያህል የለም። የስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት አቆየልን፤ በዓሉ ግርማ በ«ደራሲው» ሲራክን ሲቀርጽ መነሻው ያው ስብሐት እንደነበረ ሲነገር ኖሯል። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ስሕተቱ የእነርሱ አይደለም። ከእነርሱ የተማርነው ነገር ነው ስሕተቱ። አንድ ትውልድ ሙሉ ደራሲነትን ከጠርሙስ ጋር አጣምሮ፣ ብዕሩ ሳይኖረው ብርሌውን ብቻ ወረሰ። ወጣቱ ገጣሚ ግጥሙን ካነበበ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ እዚያ ካልሄደ ደግሞ ገጣሚነቱን እንጠራጠራለን። የሚያቆመው ገጸ ባሕርይ ግን በልቦለዶቻችን ውስጥ ወይ መነኩሴ ይሆናል ወይ ይሞታል። ሰኞ ማለዳ ተነሥቶ፣ ሳይጠጣ ሥራ ገብቶ፣ ማታ በመገናኛ በኩል ሳይቆም ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ታሪክ አይሆንም ብለን ነው? እኔ ከዚያ የበለጠ ጀብዱ ያለበት የአንድ ቀን ውሎ አላውቅም።

መንግሥትም የራሱን ድርሻ ሞክሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ መሸጥንም ከለከለ። በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን አዋጅ የሚደርሰው ገና ላልጀመረው ሰው ነው፤ ያ መሐል የቆመው ሰው ማስታወቂያውን አያስፈልገውም፤ በቃሉ ያውቀዋል።

እስካሁን «ሰውየው» እያልሁ መጻፌን ያስተዋለች አንባቢ ትኖራለች። የምትጠጣዋ ሴት ግን አለች። ለወንዱ «ምስኪን፣ መጠጥ ያዘው» የሚለው ሰፈር ለእርሷ የሚሰጠውን ስም እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ በግሮሰሪ አትጠጣም፤ በጓዳ ትጠጣለች፤ የሚያውቅባት ልጇ ብቻ ነው። አረቄ እያወጣች፣ ጠላ እየጠመቀች ልጆቿን የምታሳድገው ሴትም አለች፤ መጠጡን የምትቀምሰው ለሥራዋ ስትል ነው ይባላል። ለእነዚህ ሴቶች የወንዶቹ ክበብ አይሆናቸውም፤ የራሳቸው ያስፈልጋቸዋል፤ በቀን፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሄዱበት ሰዓት። የጠጪ ሚስቶችም እንዲሁ። የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ በ1951 እ.ኤ.አ. ለቤተሰቦች የተለየ ኅብረት ያቋቋመችው፣ ባሎቹ ውስጥ ሲሰበሰቡ ደጅ ተቀምጠው የሚጠብቁት ሚስቶች ራሳቸው ታማሚ መሆናቸውን ስላየች ነው።

እንግዲህ ከየካ ዕድሮች አንዱ አዳራሹን በሳምንት አንድ ምሽት ቢለቅ፣ ሰዓቱ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ይሁን፤ እግር ወደ ግሮሰሪ የሚያቀናበት ሰዓት እርሱ ነውና። ቀኑ ቅዳሜ ይሁን። በሩ ላይ ምንም አይጻፍ፤ የአካባቢው ሐኪምና ቄስ ግን አድራሻውን ይወቁት፤ የእንጦጦ አጥማቂዎችም ሱባኤውን ጨርሶ ለሚወርደው ሰው በጆሮው ይንገሩት። ከሌላ ክፍለ ከተማ የሚመጣው ይበዛል፤ የየካው ደግሞ ጉለሌ ወይም ቦሌ ይሄዳል፤ ይሂድ። ጠላና ቢራ አይግባ፤ ቡና ይፈላ። ሲኒውን የሚያጥበው ደግሞ በዕለቱ አዲስ የመጣው ሰው ይሁን፤ ውኃ ውስጥ ያለ እጅ መንቀጥቀጡ አይታይም።